ያረጀ የኒውክሌር ጣቢያ፦ ችግሩ ብረቱ ነው ወይስ ቀጠሮው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከምኖርበት ብዙም የማይርቅ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ 40 ዓመት ሞልቶታል። አሁን ለ20 ዓመት ፈቃዱ ሊታደስለት ነው። የመንግሥት ተቆጣጣሪው ‹ሁሉም ተፈትሿል› ይላል። ግን ፈቃጁም መንግሥት፣ ፈታሹም መንግሥት፣ ኤሌክትሪኩን የሚፈልገውም መንግሥት። ይህን ቁጥጥር ማመን ይቻላል? በምንስ አውቃለሁ?»

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ስለ ብረቱ፣ ሌላው ስለ ሰዎቹ። የእኔ ሥራ ብረቱ ላይ ነው፤ ብዙ ዓመት ያሳለፍኩት ብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ ስፈልግ ነው። ግን እውነቱን ለመናገር ብረቱ እንቅልፍ አይነሳኝም። በአልትራሳውንድ ትፈትሸዋለህ፣ ያለበትን ያሳይሃል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ከዚያ በኋላ ቢሮ ውስጥ የሚባለው ነው፦ «እሺ፣ አይተነዋል፤ እስከሚቀጥለው ጥገና ይቆይ።» ቀጠሮ በቀጠሮ። የጣቢያህን ቁጥጥር መለካት ከፈለግክ ይህቺን ቀጠሮ ተከተላት፣ ቆይቼ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ 40 የሚለውን ቁጥር እናስተካክል። ብዙ ሰው መድኃኒት ላይ እንደሚጻፍ የማብቂያ ቀን ያየዋል። አይደለም። የአሜሪካው የአቶሚክ ኃይል ሕግ በ1954 (የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ፈቃድ ከ40 ዓመት እንዳይበልጥ ሲል ምክንያቱ የኢኮኖሚና የገበያ ውድድር ጉዳይ እንጂ የብረት ዕድሜ አልነበረም። ያኔ 40 ዓመት የሠራ ሪአክተር (ጣቢያው ውስጥ ነዳጁ ሙቀት የሚፈጥርበት ክፍል) ከየት ይመጣል? ቁጥሩ አንዴ ከተጻፈ በኋላ ግን መሐንዲሶች አንዳንዱን ዕቃ 40ን አስበው ሠርተውታል፣ ስለዚህ ጭራሽ ባዶ ቁጥር ነው ማለትም አይቻልም። ዛሬ እዚያው አሜሪካ አብዛኛው ሪአክተር እስከ 60 ዓመት የሚያስኬድ ፈቃድ አለው፣ 80 የተፈቀደላቸውም አሉ። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ፈቃዱ ላይ የማብቂያ ቀን የሚባል ነገር የለም፤ በየ10 ዓመቱ ጣቢያው ይፈተሽና «ይቀጥል» ወይም «ይህን ካላስተካከልክ አትቀጥልም» ይባላል።

የሚያረጀው ምንድን ነው? ፓምፕ ይቀየራል። ቧንቧ ይቀየራል። እንፋሎት የሚያመነጨው ግዙፍ ዕቃ እንኳ፣ ሲያስፈልግ ኮንክሪቱ ተበስቶ ይወጣና ሌላ ይገባል። ማንም ቀይሮ የማያውቀው ነዳጁን የያዘው ወፍራም የብረት በርሜል ነው፤ እሱና ዙሪያውን የሸፈነው ኮንክሪት። በርሜሉን ከውስጥ በኩል ኒውትሮን፣ ማለትም ከነዳጁ የሚፈልቅ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣት፣ ለአሥርት ዓመታት ይደበድበዋል። ሲደበደብ ብረቱ እየደረቀ ይሄዳል። መለመጡን ይተውና እንደ ብርጭቆ ለመሰበር ይዘጋጃል። እንደጋለ እስከቆየ ድረስ ብዙ ችግር የለም። ችግሩ የሆነ አደጋ ደርሶ ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ሲለቀቅበት ነው። የጋለ ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ስታፈስ የሚሆነውን ታውቃለህ። በነገራችን ላይ፣ ድሮ የተሠሩ አንዳንድ በርሜሎች የተበየዱበት ሽቦ እንዳይዝግ ተብሎ በመዳብ የተለበጠ ነበር። መዳቡ ብየዳው ውስጥ ቀረ፣ ያ ብየዳ ደግሞ ኒውትሮን ሲያገኘው ከሌላው ቦታ ቀድሞ የሚደርቅ ሆነ። ለዝገት የተደረገ መላ ሌላ በሽታ ይዞ መጣ።

ይህ እንዴት እንደሚለካ ልንገርህ፣ የምወደው ሥራ ስለሆነ። ጣቢያው ሲገነባ በርሜሉ ከተሠራበት ከዚያው ብረት ትንንሽ ቁራጮች ተቆርጠው ከግድግዳው በውስጥ በኩል ይቀመጣሉ። ከግድግዳው ይልቅ ለነዳጁ ስለሚቀርቡ ከግድግዳው ቀድመው ያረጃሉ። የነገውን ዛሬ ታይበታለህ ማለት ነው። በየተወሰነ ዓመቱ አንድ ጥቅል ይወጣና ጨረር በማያሳልፍ ወፍራም መስታወት ጀርባ፣ በብረት እጅ እየተያዘ ይፈተሻል። ቁራጩ ጣት ቢያክል ነው፦ 10 በ10 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 55፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ቁርጥ አለው። ከላይ የሚወዛወዝ መዶሻ ይለቀቅበታል። ጤነኛው ብረት ድፍን ያለ ድምፅ አሰምቶ እየተለመጠ ይቀደዳል፣ የተቀደደው ፊት ደብዛዛ ግራጫ ነው። የደረቀው ግን ቀጭ ብሎ ለሁለት ይከፈላል፣ ፊቱም እንደ ስኳር ያብለጨልጫል። ሁለቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ያየሁ ቀን ማብራሪያ አላስፈለገኝም። እንግዲህ ለጣቢያህ የመጀመሪያ ጥያቄህ ይህ ይሁን፦ ቁራጮቹ ቀርተዋል ወይ? ለ40 ዓመት ታስቦ የተቀመጠ ጥቅል ለ60 ላይበቃ ይችላል። የመጨረሻው መቼ ወጣ? ቀጣዩ መቼ ይወጣል? ቀኑ ተገፍቶ ያውቃል?

ደግሞ እርጅናን በልደት ቀን ብቻ አትቁጠር። በ2021 መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ ሲቮ 1 የተባለው ሪአክተር የ10 ዓመት ፍተሻው ላይ ሳለ የድንገተኛ ማቀዝቀዣ ቧንቧው ብየዳ አጠገብ ስንጥቅ ተገኘበት። ሲቮ ከሀገሪቱ ሪአክተሮች ታናናሾቹ ውስጥ ነው እኮ! ነገሩ ከዕድሜው ይልቅ ከቧንቧው አዘረጋግ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ፣ አሮጌዎቹ ሪአክተሮች በአንጻሩ ያን ያህል አልተነኩም። ቤልጂየም ውስጥ ደግሞ በ2012 ዱል 3 የተባለውን ሪአክተር በርሜል ሌላ ዓይነት ስንጥቅ ፍለጋ በአልትራሳውንድ ሲያዩት ብረቱ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍተቶች ታዩ፤ ቲያንዥ 2 በተባለው ሪአክተር ላይም እንዲሁ። ብረቱ ገና ሲሠራ በገባ ሃይድሮጂን የተፈጠሩ ናቸው። ለ30 ዓመት ያህል እዚያው ነበሩ። ያላያቸው ሰው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ የዚያን ዓይነት ጉድለት እዚያ ቦታ ላይ የፈለገ ስላልነበረ ነው። ስለዚህ «ተፈትሿል» ሲሉህ «የቱ ቦታ? በምን መሣሪያ? ምን ፍለጋ?» በላቸው።

አሁን ወደ ሰዎቹ። ለዚህ ከዴቪስ-ቤሲ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ፣ ኢሪ ሐይቅ ዳር ያለ ጣቢያ ነው፣ ሥራ የጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ። ያኔ ያስተዳድረው የነበረው ፈርስትኢነርጂ የተባለ ኩባንያ ነው። በ2001 መጀመሪያ ላይ ደቡብ ካሮላይና ያለው ኦኮኒ ጣቢያ ላይ ክፉ ነገር ታየ። የመቆጣጠሪያ ዘንጎቹ፣ ማለትም ወደ ነዳጁ ገብተው ሪአክተሩን የሚያበርዱትና የሚያስቆሙት ዘንጎች፣ በበርሜሉ ክዳን የሚያልፉባቸው ቱቦዎች አሉ። እነሱ ላይ ዙሪያውን የሚዞር ስንጥቅ ተገኘ። ዙሪያውን ከዞረ ቱቦው ተቆርጦ ሊወነጨፍ ይችላል። የአሜሪካ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ለጣቢያዎቹ ማሳሰቢያ አወጣ፦ በተለይ ተጋላጭ የሆናችሁ እስከ ታኅሣሥ 31 ድረስ ፈትሹ። ለመፈተሽ ደግሞ ሪአክተሩ መቆም አለበት።

ዴቪስ-ቤሲ ማቆም አልፈለገም። የነዳጅ መቀየሪያ ጊዜዬ በ2002 ጸደይ ነው፣ እስከዚያ ልቆይ አለ። የኮሚሽኑ ባለሙያዎች የማቆሚያ ትእዛዝ አርቅቀው ነበር። አርቅቀው! ወረቀቱ ግን አልወጣም። ድርድር ተጀመረ፣ በመጨረሻ ሁለቱን ቀኖች አማክለው ተስማሙ፦ የካቲት 16። ልብ በል፣ የካቲት 16ን የመረጠው ፊዚክስ አይደለም። ድርድር ነው።

መጋቢት 2002 ላይ ሪአክተሩ ቆሞ አንዱን የተሰነጠቀ ቱቦ ሲጠግኑ ቱቦው ዘመም አለ። ከ15 ሴንቲሜትር በላይ ውፍረት ባለው ብረት የተያዘ ቱቦ በምን አንጀቱ ይዘማል? ሲያጸዱት ብረቱ የለም። በስንጥቁ የሾለከው ውሃ ውስጥ ያለው ቦሪክ አሲድ ክዳኑን በልቶት አናናስ የሚያክል ጉድጓድ ፈጥሯል። የቀረው ከውስጥ በኩል የተለበጠው አንድ ሴንቲሜትር የማይሞላ ዝገት የማይበላው ብረት ብቻ ነበር። እሱም ወደ ውጭ አበጥ ብሏል፣ መሰንጠቅም ጀምሯል። ከ300 ዲግሪ በላይ የጋለ ውሃ፣ ከአየር ግፊት ወደ 150 እጥፍ በሚደርስ ግፊት የያዘው ያ ሥሥ ልባጥ ነው። ለመሸከም የተሠራ አልነበረም፣ ብረቱን ከዝገት ለመከለል እንጂ።

የሚያናድደኝ ግን ጉድጓዱ አይደለም። ምልክቶቹ ናቸው። በሕንጻው ውስጥ ያለውን አየር የሚከታተለው መሣሪያ ማጣሪያ አለው፣ በወር አንዴ ገደማ የሚቀየር። እሱ በየቀኑና በየሁለት ቀኑ መቀየር ጀመረ፣ በደቃቅ ዝገት እየተደፈነ። ሠራተኞቹ ቀየሩት። በነጋታውም ቀየሩት። የአየር ማቀዝቀዣዎቹንም በቦሪክ አሲድ ዱቄት ስለተሸፈኑ ደጋግመው አጠቡ። ቦሪክ አሲድ ሲደርቅ ነጭ ነው። በ2000 ጸደይ በተነሳ ፎቶ ላይ ግን ከክዳኑ ሥር የፈሰሰው ነገር ቀይ ቡናማ ሆኖ፣ ደርቆ ተጋግሮ ይታያል። ነጭ ዱቄት ቀይ ከሆነ ውስጡ ብረት አለ፣ ብረቱ ደግሞ ከየትም አይመጣም። ይህን ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም። ፎቶው ተነሳ፣ ፋይል ሆነ፣ ሪአክተሩ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ሠራ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ያለፈው እዚያ ላይ ነው።

የኮሚሽኑ የራሱ ዋና መርማሪ ቢሮ በ2002 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት የየካቲት 16 ውሳኔ በአብዛኛው ኩባንያውን ከገንዘብ ኪሳራ ለማዳን ካለ ፍላጎት የመነጨ ነው አለ። እኔ ግን ከሪፖርቱ የማልረሳው ሌላ ነጥብ ነው፦ ኮሚሽኑ ጣቢያ ለማስቆም ችግር መኖሩ እርግጥ ሆኖ ካልተረጋገጠ በቀር እጁን የማያነሳ ሆኗል፣ ሕጉ የሚጠይቀው ግን ደኅንነቱ በበቂ ሁኔታ መረጋገጡን ነው የሚለው። ልዩነቱ ይታይህ። በአንደኛው መንገድ ተቆጣጣሪው አደጋ መኖሩን ያስረዳል። በሁለተኛው ጣቢያው አደጋ አለመኖሩን ያስረዳል። ጉድጓዱ ደግሞ ሪአክተሩ ካልቆመ አይታይም፣ ሪአክተሩ የሚቆመው ጉድጓዱ ከታየ ነው ካልክ ጨዋታው አልቋል።

ጣቢያው ሁለት ዓመት ቆሞ በ2004 ተመለሰ፣ ክዳኑም ሚሺጋን ውስጥ ተጀምሮ ሳያልቅ ከቀረ ጣቢያ በመጣ ክዳን ተተካ። ኮሚሽኑ በ2005 5.45 ሚሊዮን ዶላር ቀጣ። በ2006 ደግሞ ለተቆጣጣሪው የተሳሳተ መረጃ በመስጠት ጉዳይ ከፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ጋር በ28 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። ፈቃዱ በኋላ እስከ 2037 ታድሶለታል። ይህን የምነግርህ ላስደነግጥህ አይደለም፤ ክዳኑ ተቀይሯል፣ ፍተሻውም ጠብቋል። አሮጌ ጣቢያ በራሱ ኃጢአት የለበትም።

የተሻለ ምሳሌ ትፈልግ ይሆናል። ስኮትላንድ ውስጥ ሀንተርስተን ቢ የሚባል ጣቢያ ነበር፣ ከ1976 ጀምሮ የሠራ። ውስጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ከግራፋይት (እርሳስ ውስጥ ካለው ዓይነት ካርቦን) የተሠሩ ጡቦች ድርድር ነው። ጡቦቹ ሲያረጁ ይሰነጠቃሉ፣ ይህ ከመጀመሪያውም የሚታወቅ ነገር ነው። ስጋቱ ድርድሩ ከተዛባ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ የመቆጣጠሪያ ዘንጎቹ ቀጥ ብለው ላይገቡ ይችላሉ የሚል ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ገደብ ተቀመጠ፦ 350 ስንጥቅ። በ2018 ሪአክተር 3 ሲፈተሽ ከዚያ አልፎ ተገኘ። ቆመ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ቆመ፣ ኩባንያው አዲስ ስሌት ይዞ እስኪመጣና ተቆጣጣሪው እስኪያምንበት። ከዚያ ለአጭር ጊዜ ተፈቀደለት፣ ጣቢያውም በ2022 መጀመሪያ ለዘለቄታው ተዘጋ። መሀል ላይ ገደቡ ከፍ መደረጉ ብዙ ሰው አስቆጥቷል፣ ቁጣውም ይገባኛል። ቢሆንም ቁጥሩ ቀድሞ ተጽፎ ነበር፣ ሲታለፍ ሪአክተሩ ቆመ፣ ለምን እንደተቀየረም በአደባባይ ተጻፈ። እኔ ከተቆጣጣሪ የምጠብቀው ይህን ያህል ነው። ከስምምነቱ በፊት የተጻፈ ቁጥር።

«ሁሉም መንግሥት ነው» ላልከው ደግሞ፣ አዎ፣ ነጥብ አለህ። ለዚህ ነው በ1994 የወጣው ዓለም አቀፉ የኒውክሌር ደኅንነት ስምምነት ተቆጣጣሪው የኒውክሌር ኃይልን ከሚያስፋፋው አካል እንዲለይ የሚያዘው። ጃፓን ውስጥ ከ2011 በፊት ተቆጣጣሪው ኤጀንሲ ኒውክሌርን በሚያስፋፋው በራሱ በኢኮኖሚና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ሥር ነበር። የፉኩሺማ ዳይቺ ጣቢያ ሪአክተር ቁጥር 1 ተጨማሪ 10 ዓመት እንዲሠራ የተፈቀደለት በየካቲት 2011 ነው፤ ሱናሚው ጣቢያውን የመታው በወሩ ገደማ መጋቢት 11 ነው። ሱናሚውን እርጅና አላመጣውም። ግን ዕድሜ ማራዘሚያው የሚያየው ዝገትና ስንጥቅ ነበር እንጂ ባሕሩ ምን ያህል ከፍ ሊል እንደሚችል አልነበረም። ጣቢያውን የሚያስተዳድረው ኩባንያ በ2008 ማዕበሉ እስከ 15.7 ሜትር ሊደርስ እንደሚችል አስልቶ ነበር፣ ለተቆጣጣሪው ያሳወቀው አደጋው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ኤጀንሲው በ2012 ፈርሶ በሌላ ተተካ።

ይህ ላንተም ይሠራል። አሜሪካ ውስጥ የፈቃድ እድሳት በዋናነት የሚጠይቀው «እርጅናውን እንዴት ትይዘዋለህ?» ብቻ ነው። ጎርፍ፣ መሬት መንቀጥቀጥ፣ ጣቢያው ሲነደፍ የተወሰዱት ግምቶች በእድሳቱ ላይ እንደ አዲስ አይከፈቱም፣ በሌላ መንገድ ነው የሚታዩት። የአውሮፓው የ10 ዓመት ፍተሻ እነዚህንም መልሶ ያያል። ያንተ ሀገር የትኛውን እንደሚከተል ጠይቅ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ባለሙያ ልኮ ሊያይና ሊመክር ይችላል፣ የማንንም ጣቢያ ግን አያስቆምም፤ «ኤጀንሲው አይቶታል» ሲሉህ እዚያ ላይ አታቁም።

መለየቱ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ካናዳ ውስጥ ቾክ ሪቨር የሚገኘው ኤንአርዩ ከ1957 ጀምሮ የሠራ የምርምር ሪአክተር ነበር፣ ለሕክምና የሚውል አይሶቶፕ (ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር) ለብዙ የዓለም ክፍል የሚያመርት። በ2007 መጨረሻ መሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣ ፓምፖቹ መጠባበቂያ ኃይል እንዲያገኙ የተጠየቀው ሥራ አለመሠራቱ ታወቀና ሳይሟላ አይነሳም ተባለ። የአይሶቶፕ እጥረት ተፈጠረ፣ ሕሙማን ቀጠሯቸው ተሰረዘ። ፓርላማው በአስቸኳይ ሕግ አውጥቶ አስነሳው። የተቆጣጣሪው ኃላፊ ሊንዳ ኪን በጥር 2008 ከኃላፊነት ተነሱ። ቀላል ጉዳይ ነው አልልህም፤ ሕመምተኛው የእኔ ወገን ቢሆን እኔም የቱን እንደምል እንጃ። ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ኃላፊ «አቁም» ከማለቱ በፊት ስንቴ ያስባል? ያው ሪአክተር በ2009 የበርሜሉ ግድግዳ ተበልቶ «ከባድ ውሃ» የሚባለውን የሪአክተሩን ልዩ ውሃ ማፍሰስ ጀመረና ከአንድ ዓመት በላይ ቆመ።

እንግዲህ በምን አውቃለሁ ላልከው። ሕጉን ፈልግና ተቆጣጣሪው የሚኒስትር ፊርማ ሳይጠብቅ ማስቆም ይችል እንደሆነ እይ። ከቻለ አድርጎት ያውቃል? ሕግ ላይ ኖሮ 30 ዓመት ያልተነካ ሥልጣን እኔ እንደ ሥልጣን አልቆጥረውም። ጣቢያው ግቢ ውስጥ የሚውሉ የመንግሥት መርማሪዎች አሉ ወይ? አሜሪካ ውስጥ አሉ፤ ከሠራተኛው ጋር እንዳይላመዱ ደግሞ አንድ ጣቢያ ላይ ከ7 ዓመት በላይ አይቆዩም። ጥሩ ደንብ ነው፣ መላመድ ከጉቦ በላይ ነው የሚያፈዘው። እኔም ወጣት እያለሁ አንድ ጣቢያ ላይ «ይህ ምልክት አምና ከነበረው አድጓል» ብዬ ጽፌ፣ አለቃዬ በቁጣ ሳይሆን በፈገግታ «ለክረምቱ እንዲደርስ ይሁን» ሲለኝ እሺ ያልኩበት ጊዜ አለ። ሰውዬው ምሳ የምንበላው አብረን ነበር። ምልክቱ በኋላ ተጠግኗል፣ ምንም አልሆነም። ግን እሺ ያልኩት ስለ ብረቱ አስቤ እንዳልነበረ አውቃለሁ።

ከዚያ ቀጠሮዋን ተከተላት። ያለፉትን አምስት ስድስት ዓመታት የፍተሻ ሪፖርቶች አውርድ። ወፍራም ናቸው፣ አትፍራ፣ ሁሉን አታነብም። «እስከሚቀጥለው ጥገና» ወይም «ጊዜ ተራዝሟል» የሚል የተጻፈበትን ብቻ ልቀምና የጉዳዩን መለያ ቁጥርና ቀኑን ወረቀት ላይ አስፍር። ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት ላይ ያው ቁጥር አለ ወይ? ተዘግቷል? እንደገና ተገፍቷል? ወይስ ዝም ብሎ ጠፍቷል? መገፋቱ ብቻውን ወንጀል አይደለም፣ እኛም አንዳንዴ አስልተን «ይቆያል» እንላለን። ስሌቱ ግን አብሮ መኖር አለበት። ሁለት ሦስት ጊዜ ተገፍቶ ስሌት የሌለው ካገኘህ፣ ወይም ያለ ማብራሪያ የጠፋ ካገኘህ፣ በእድሳቱ ላይ ሕዝብ በሚጠየቅበት ስብሰባ ሄደህ በቁጥሩ ጥራው። «ደኅና ነው ወይ?» ካልካቸው «ደኅና ነው» ይሉሃል። «ይህን ነገር መጀመሪያ በየትኛው ቀን እንዲጨርሱ ነበር ያዘዛችሁት፣ ይራዘም ያለውስ ማን ነው?» በላቸው፣ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቅ። ሲደርስህ ላክልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።